የጋሼ ኢድሪስ ቀዝቃዛ ላብ

ሳሊም ጣሰውን የሰደበው ረመዳን ሊገባ አንድ ቀን ሲቀረው፣ ሐሙስ ዕለት፣ ዓረብ አገር፣ ናይፍ ሰፈር ካለው የሐበሻ ምግብ ቤት በር ላይ ነው። ጣሰው ቀኑንም፣ ቦታውንም፣ እነማን እንደ ሳቁም አንድ በአንድ ያውቃል። ዓለም በኮሮና የተዘጋጋበት ጊዜ ነበር። ሳሊም ካርጎ ቤት ያለው፣ ላገሩ ልጅ ደራሽ የሚባል ሰው ነው፤ ያን ዕለትም ሥራ ለፈቱት ሩዝና ዘይት ያድል ነበር። ጣሰው የሚጠብቀው ሕንፃ ባለቤት ደሞዝ ሳይከፍል ድምፁን ካጠፋ ሰንብቷል፤ ስለዚህ ማስኩን እስከ ዓይኑ ስቦ ተሰለፈ። ተራው ሲደርስ ሳሊም ከረጢቱን ከመስጠቱ በፊት ድምፁን ከፍ አደረገ።

«አስር አለቃ! አንተም መጣህልን? ደሴ ላይ ሌባ ሲያየኝ ይንቀጠቀጥ ነበር ስትለን አልነበር? ስምንተኛን ያልተሻገረ ሰው መጨረሻው ይኸው ነው፤ ለሰው በር መክፈትና ለሩዝ መሰለፍ።»

ሰልፈኛው ሳቀ። ከሁሉ አስበልጦ የሳቀው ፈረጅ የሚባለው፣ በሞተር ምግብ የሚያመላልሰው ልጅ ነበር። ጣሰው ሩዙን ተቀበለ። የሚያንገበግበውም ይኸው መቀበሉ ነው።

ንቀት ለጣሰው አዲስ አይደለም። ፖሊስ ሳለ ኮምቦልቻ ላይ የሰው ነፍስ ጠፍቶ ገዳዩን ያወጣው እሱ ሆኖ ሳለ፣ የተሾመበት መቶ አለቃ ደረጀ ነው። ለጣሰው የደረሰው «ዓይን አለህ፤ የጎደለህ ወረቀት ነው» የሚል ቃል ብቻ ነበር። ይህንንም ከነቀኑ ይዞታል። ሌላው ሰው ካገሩ ሲወጣ የቤተሰቡን ፎቶ ይይዛል፤ ጣሰው የያዘው ይህንን ነው።

ረመዳን ሊጋመስ ሲል አንድ ጠዋት ስልኩ ጮኸ። የሚደውልለት ሰው ስለሌለ ደንግጦ አነሳው።

«ጋሽ ጣሰው፣ ሀያት ነኝ። ሳሊም ቤት የማበስለው።» ልጅቷ ታለቅሳለች። «ጋሼ ኢድሪስ ሞቱ። አንቺ ነሽ የገደልሻቸው እያሉኝ ነው። ከዐስር ሶላት በኋላ ፖሊስ ይመጣል፤ ሳሊም እሷ ናት ብዬ አስረክባታለሁ ብሏል። እርስዎ ፖሊስ ነበሩ ሲባል ሰምቻለሁ፤ ይድረሱልኝ።»

የሳሊምን ስም ሲሰማ ስልኩን ሊዘጋው ምንም አልቀረውም። ያስቆመው የሟቹ ስም ነው። ጋሼ ኢድሪስ በጣሰው በር ባለፉ ቁጥር ቆም ብለው «እናትህ ደህና ናቸው?» ይሉት ነበር። እናቱ ካረፉ ቆይተዋል። ጥያቄው እንዳይቀርበት ብሎ አልነገራቸውም።

«አንቺ ልጅ፣ አትንቀሳቀሽ» አላት። «ከጠፋሽ ገደለች ማለት ነው። እየመጣሁ ነው።»

ቤቱ ናይፍ ውስጥ ካሉት አሮጌ ሕንፃዎች በአንዱ፣ አሳንሰሩ የማይሠራበት ፎቅ ላይ ነው። ሳሊም ሙሉውን ተከራይቶ በአልጋ በአልጋ፣ ቢድ ስፔስ በሚሉት፣ ያከራየዋል። ጓዳዋ የሴቶች ናት፤ ሀያትና ፋናዬ ያድሩባታል። ሳሎኑ በመጋረጃ የተሸነሸነ የወንዶች መኝታ ነው፤ ሳሊም፣ ፈረጅና ጋሼ ኢድሪስ ነበሩበት። ጋሼ ኢድሪስ ጁሜይራ አንድ ቪላ ውስጥ ምግብ ሲያበስሉ አርጅተው፣ ወረርሽኙ ሲገባ ሽማግሌ ያስፈራል ተብለው የተሸኙ ሰው ናቸው። ፈረጅ የእህታቸው ልጅ ነው።

በሩን የከፈተችው ፋናዬ ናት፤ የአዲስ አበባ ልጅ፣ እሷም ከማዳሟ ቤት የተሸኘች።

«ጋሽዬ፣ እጅዎን ይታጠቡ» አለች አልኮሉን እየጨመቀችለት። «ሰው የሚገድለን ቤት ውስጥ ስላለ ከውጭ ሌላ እንዳያመጡብን።»

ሀያት ጓዳው ደፍ ላይ ኩርምት ብላለች። ሻርጃ ከነበረችበት ቤት ጠፍታ የወጣች፣ የመኖሪያ ወረቀት የሌላት ልጅ ናት። ፖሊስ ፊት ነፍስ አጥፍታለች ተብላ ብትቀርብ ማን እንደሚሰማት ሁሉም ያውቃል።

«ከመጀመሪያው ንገሪኝ» አላት ጣሰው።

«ትናንት ከቀትር በኋላ አምቡላንስ ወሰዳቸው፤ ሆስፒታል ሳይደርሱ አረፉ። እኛ ኮሮና ነው ብለን ነበር። ዛሬ ጠዋት ኮሮና የለባቸውም ተብሎ ተደወለ። ገና እየመረመሩ ነው። ምን በሉ፣ ምን መድኃኒት ይወስዱ ነበር ብለው ፖሊስ ሊጠይቀን ነው።»

«ምን በሉ?»

«ለሱሑር ጎህ ሳይቀድ ሾርባ ሠራሁላቸው። ቀመስ አድርገው አፌ መረረኝ ብለው ተዉት።»

«የስኳር ሕመምተኛ ሆነው ይጾሙ ነበር?»

«አይጹሙ ብላቸው ይቆጡኛል። ልጅ ሆኜ የጀመርኩትን ሳረጅ ልተወው? ይላሉ።»

«መድኃኒትስ?»

«ጁሜይራ ሳሉ ጀምሮ የሚወስዷት አንድ ነጭ የስኳር ኪኒን፤ ሲያፈጥሩ። እኔው ነኝ አውጥቼ የምሰጣቸው። ከዚያች ሌላ ምንም አይወስዱም።» ከኪሷ አውጥታ ሰጠችው። ኪኒኖቹ የወጡበት ቦታ ተጨፍልቋል፤ ማሸጊያው ግን ዳር እስከ ዳር ሙሉ ነው፤ ከጥጉ ተቆርጦ የወደቀ የለውም።

ጣሰው ማሸጊያውን ኪሱ ከቶ ወደ ፋናዬ ዞረ።

«አንቺስ ምን አየሽ?»

«ምን አያለሁ? ትናንት በጠዋት ሲያቃስቱ ሰማሁና ትኩሳታቸውን ልለካ ሄድኩ። መሣሪያው ተበላሽቷል፤ ሠላሳ አምስት ይለኛል! ሰውዬው ግን ላብ በላብ ናቸው። ፍራሹ ረጥቧል። ግንባራቸውን ብነካው ደግሞ በረዶ። እኔማ...» ቀልዷ ጠፋባት። «እኔማ ፈራሁ፣ ጋሽዬ። መጋረጃቸውን ስቤ በልብስ መቆንጠጫ ቆነጠጥኩት። ከውስጥ ሲጠሩኝ ነበር።»

«ምን እያሉ?»

«የሆነች ሴት ስም ነበር የሚጠሩት። የኔን አይደለም ብዬ ዝም አልኩ።»

ፈረጅ መስኮቱ አጠገብ የራስ ቁሩን ታቅፎ ቆሟል። ጣሰው ልጁ ያኔ እንዴት አድርጎ እንደ ሳቀ ትዝ አለውና ድምፁ ከረረ።

«አንተ፣ አጎትህ ሲታመሙ የት ነበርክ?»

«እዚሁ ነበርኩ፣ ጋሼ። ሰደቡኝ። ዋላሂ፣ ካፋቸው ክፉ ቃል ወጥቶ አያውቅም። ውሃ ላምጣልዎ ስላቸው ‹አንተ አህያ፣ የማን ልጅ ነህ? ከቤቴ ውጣ!› አሉኝ። ምላሳቸው እንደ ሰካራም ተሳስሯል፤ እጃቸው ይንዘፈዘፋል። እኔም ተናደድኩና ሞተሬን አስነስቼ ሄድኩ።» አንገቱን ደፋ። «ስመለስ አይሰሙም።»

ሳሊም ከበሩ ወዲህ ባለው ጥግ ካርቶን እያሸገ ነበር። ወገቡ ላይ በገመድ ያንጠለጠለውን መቀስ እያነሳ ፕላስተሩን ይቆርጣል። ቀና ብሎም አላየው።

«ምርመራው አለቀ፣ አስር አለቃ? ደሞዝህን ማን ይክፈልህ?»

«አልጋቸው አጠገብ ደርሰህ ነበር?»

«እኔ? ከታመሙ ወዲህ መጋረጃቸውን አልነካሁም። ዓጅማን ልጆች አሉኝ። ማን ሞቱን ይፈልጋል?»

«ታዲያ ሀያትን በምን ጠረጠርካት?»

«ሌላ ማን ያበላቸው፣ ማን ያጠጣቸው ነበር? ያለ ሐኪም ሁለት ዓይነት ኪኒን እያደባለቀች ትሰጣቸው የነበረች ማን ናት? ሙሽኪላው፣ ችግሩ ሁሉ፣ ከሷ ነው። ደግሞ ወረቀት የላትም፤ ዛሬ ባትሄድ ነገ መሄዷ አይቀርም። በኔ ትከሻ ላይ ግን ስንት ሰው አለ። ኸላስ፣ በቃ፣ ነገሩን አታወሳስብብን።»

ጣሰው መልስ ሳይሰጥ የጋሼ ኢድሪስን መጋረጃ ከፈተ። የተደራራቢው አልጋ የታችኛው ነው። አንሶላው ላይ ላቡ ደርቆ የጨው ካርታ ሠርቷል። ቤቱ ዴቶል ዴቶል ይሸታል። ራስጌው ላይ በሰሐን የተከደነ ቴምር አለ፤ አንድም አልተነካም። ጣሰው ተንበርክኮ ፍራሹን ገለጠ። ከብረቱና ከጣውላው መሐል አንዲት አረንጓዴ ቁራጭ ተሰክታለች፤ የኪኒን ማሸጊያ ጥግ። ሁለት ጎኗ በመቀስ ቀጥ ብሎ ተቆርጧል። ስሙ ላይ ስለ ተቆረጠ የቀሩት ጥቂት ፊደላት ናቸው።

ከሕንፃው ሥር ያለው ፋርማሲ ሠራተኛ በፕላስቲክ መጋረጃ ጀርባ የቆመ ሸምገል ያለ ህንዳዊ ነው። ጣሰው ቁራጯንና የሀያትን ማሸጊያ አሳየው፤ በተሰባበረ ዓረብኛም ተግባቡ። ሰውየው መነጽሩን ከፍ አድርጎ ተመለከተ።

«ሁለቱም የስኳር ናቸው» አለ። «ስማቸው ይለያያል፤ ሥራቸው አንድ ነው። አረንጓዴው ግን ጠንካራ ነው፣ ከሰውነት ቶሎ አይወጣም። ሁለቱን አንድ ሰው ነው የወሰደው?»

«ሽማግሌ ናቸው። ሳይበሉ።»

ህንዳዊው ማሸጊያውን አስቀመጠ። «ስኳሩ ወርዶ ወርዶ ያልቃል። ቀዝቃዛ ላብ ያልበዋል፤ ይንቀጠቀጣል፤ ይሰክራል፤ ሰው አይለይም፤ ይሳደባል። እንዲህ ሆኖ ነበር?»

«ሆኖ ነበር። ምን ማድረግ ነበረብን?»

«ነቅቶ መዋጥ እስከቻለ ድረስ ስኳር ያለው ነገር ማጠጣት። ከዚያ ሆስፒታል።» ፋርማሲስቱ ማሸጊያውን መለሰለት። «ቴምርም ቢሆን። የረመዳን ቤት ቴምር አያጣም።»

ጣሰው ከፋርማሲው ወጥቶ ግድግዳ ተደገፈ። የቴምሩ ሰሐን ዓይኑ ላይ መጣበት። ከዚያ ለሀያት ደውሎ ጠየቃት፤ ጋሼ ኢድሪስን ማን ይጠይቃቸው ነበር? ከዓጅማን ሀምዲያ የምትባል ሴት አንዳንዴ ትደውል እንደ ነበር ነገረችው። ሀምዲያ አንድ ትልቅ ቤት ውስጥ ሠራተኛ ናት። ጣሰው ስልኳን ተቀብሎ ደወለላት።

«ለጋሼ ኢድሪስ መድኃኒት ልከሽ ነበር?»

«ለሳቸው ብዬ አይደለም፣ ወንድሜ። የማዳሜ እናት ሲሞቱ አንድ ካርቶን መድኃኒት ተረፈ። የስኳር፣ የደም ግፊት፣ ያልተነካ። ማዳም ጣዪው አለችኝ። ሰው ክሊኒክ ተዘግቶበት እየተሰቃየ መድኃኒት እንዴት ይጣላል? ላገሬ ሽማግሌዎች ይዳረስ ብዬ ለሾፌሩ ለኢሳ ሰጠሁት። ናይፍ ለማን እንዳስረከበ አልጠየቅኩም፤ ሰደቃ ነውና።» ድምፅዋ ተቀየረ። «ምነው? ምን ሆነ?»

«ማሸጊያው ምን ዓይነት ነበር?»

«የስኳሩ? አረንጓዴ። ምን ሆነ ስልህ?»

«መልሼ እደውልልሻለሁ» አላት። ከሷ የተቀበለው የኢሳ ስልክ አይነሳም። ዐስር ሊሰገድ ተቃርቧል።

ሁሉንም ሳሎኑ ውስጥ ሰበሰባቸው። ፋናዬና ሀያት ጓዳው በር ላይ፣ ፈረጅ መስኮቱ ሥር፣ ሳሊም ካርቶኖቹ ላይ ተቀመጡ። ሁሉም ማስክ አድርገዋል፤ ዓይን ብቻ ነው የሚታየው።

«ያላ፣ ቶሎ በል» አለ ሳሊም። «ልሰግድ ነው።»

«ቶሎ እላለሁ። ፋናዬ፣ መሣሪያሽ አልተበላሸም። እውነቱን ነው የነገረሽ። ሰውየው ትኩሳት አልነበራቸውም፤ እየቀዘቀዙ ነበር። ትኩሳት የሌለው ላብ የኮሮና አይደለም።»

ፋናዬ ዓይኗን በእጇ ሸፈነች።

«ፈረጅ፣ አንተንም አልሰደቡህም። ስኳሩ ከደማቸው ሲያልቅ የሚናገረው በሽታው ነው። አሁን ከታች ያለው ፋርማሲስት አንድ በአንድ ነገረኝ፤ ላቡን፣ መንቀጥቀጡን፣ የምላሱን መተሳሰር። እኔ ሳልነግረው።»

«እሷ የሰጠቻቸው ኪኒን ነዋ!» አለ ሳሊም። «እኔስ ምን አልኩ?»

«የሀያትን ኪኒን ጋሼ ኢድሪስ ጁሜይራ ሳሉ ጀምሮ ነው የሚወስዱት። ስንት ረመዳን ጾመውበታል። ለምን ዘንድሮ ገደላቸው? ሌላ ስለ ተጨመረበት ነው። ይኸው።» አረንጓዴዋን ቁራጭ ከፍ አድርጎ አሳየ። «ፍራሻቸው ሥር ነበረች። ከዓጅማን የመጣ፣ የሞቱ አሮጊት መድኃኒት ነው። ያው የስኳር መድኃኒት፣ በሌላ ስም። ተመልከቱ፣ በመቀስ ተቆርጧል። የሀያት ማሸጊያ ግን ሙሉ ነው። ለራሱ የሚወስድ ሰው ማሸጊያ አይቆርጥም። የሚቆርጠው ላንዱ ሁለት፣ ላንዱ ሦስት ብሎ የሚያድል ሰው ነው።»

ፈረጅ ቀስ ብሎ የሳሊምን ወገብ አየ። ሀያትም አየች።

«መቀስ ያለው ሰው ሁሉ ገዳይ ነው?» አለ ሳሊም።

«አይደለም። መቀስህን እተውልሃለሁ፤ ቃልህን ግን አልተውልህም። ሀያት አንድ ኪኒን ነው የምታውቀው፤ ሌላ አይወስዱም አለችኝ። ፈረጅ፣ አንተስ?»

«እኔም አንድ ብቻ ነው የማውቀው።»

«አንቺስ ፋናዬ?»

«ነጯን ብቻ።»

«አንተ ግን፣ ሳሊም፣ ካርቶን እያሸግህ ‹ሁለት ዓይነት ኪኒን› አልከኝ። እዚህ ቤት ውስጥ ሁለተኛውን የሚያውቅ የለም፤ የወሰዱት ሰውዬ ሞተዋል። የሚቀረው የሰጠው ነው።»

 ከታች የጎዳና ማጽጃ መኪና ድምፅ ይሰማል።

«ትናንት አምቡላንሱ ሲመጣ ሁላችሁ እሳቸውን ተከትላችሁ ወረዳችሁ» ሲል ጣሰው ቀጠለ። «ዴቶል ልርጭ ብሎ የቀረው ማን ነው?»

«ሳሊም» አለች ፋናዬ። «እኔ አልነካም ሲል የነበረ ሰውዬ ምን ደፋር አደረገው ብዬ ገርሞኝ ነበር።»

«መጋረጃውን አልነካሁም ያለኝም እሱው ነው። አንተ ሳሊም፣ የቀሩትን ኪኒኖች ያኔ ወሰድካቸው። ይህቺ ከጣውላው መሐል አመለጠችህ።»

ሳሊም ማስኩን ወደ አገጩ አወረደው። ፊቱ የደከመ ሽማግሌ ፊት መስሏል።

«አዝኜላቸው ነው» አለ። «ክሊኒክ ተዘግቷል። መድኃኒታቸው ሊያልቅ ነው። ይህ የሀብታም መድኃኒት ነው፣ ሱሑር ላይ ቢውጡት ለጾሙ ያበረታዎታል አልኳቸው። ለሀያት የነገሩ መስሎኝ ነበር።»

«እንዴት ይነግሯታል? ያንተን ስጦታ አልፈልግም ማለት ነውር ሆነባቸው። አንቺ የምትሰጭኝ አይበቃም ብለው እሷንም ማስከፋት አልሆነላቸውም። ሁለታችሁንም ላለማስቀየም ሁለቱንም ዋጡ።»

ሀያት ጮክ ብላ አለቀሰች። «ቢነግሩኝ ምን አለበት! ቢነግሩኝ!»

«ፈቃድ ሳይኖረው መድኃኒት አደለ ቢሉኝ ካርጎው ይዘጋል፤ ልጆቼን ይዤ የት እገባለሁ?» አለ ሳሊም። «በደግነት የሠራሁትን—»

«መድኃኒቱን መስጠትህን አልጠየቅኩህም። ልጅቷን ልትሰጥ መሆንህን ነው የጠየቅኩህ።» ጣሰው ቀረበው። «አሁን ይኼን ተወው። ካርቶን ሙሉ ነበር። ሌላ ለማን ሰጠህ?»

ሳሊም ዓይኑ ፈጠጠ። እስከዚያች ቅጽበት ድረስ ይህን ያሰበው አይመስልም።

«ለማን ሰጠህ!»

«ዲራ... ለሸሪፍ አባት። ሻርጃ ደግሞ ለአንዲት እናት።»

«ደውል። እየሰማን ደውል።»

ሳሊም ስልኩን ሲያወጣ ፈረጅ ነጥቆት ደወለ። ሸሪፍ አነሳ።

«አባትህ እንዴት ናቸው?» አለ ፈረጅ።

«ተኝተዋል ባክህ። ጾሙ ከብዷቸው ነው መሰለኝ፤ ሲያልባቸው ነው የዋለ። ደግሞ ይቆጣሉ።»

ፈረጅ ጣሰው የሚነግረውን ተቀብሎ ጮኸ። «ቀስቅሳቸው! ስኳር በውሃ በጥብጠህ ስጣቸው። ጾም ነው አትበለኝ፤ አሁን! ካልነቁ ምንም አታጉርሳቸው፣ አምቡላንስ ጥራ። ያቺን አረንጓዴ ኪኒን እንዳትሰጣቸው!»

በስልኩ ውስጥ የሰሐን መንኳኳት፣ «አባዬ፣ አባዬ» የሚል ጥሪ ተሰማ። ብዙ ከቆየ በኋላ አንድ የተቆጣ የሽማግሌ ድምፅ «ምን ሆንክ አንተ፣ ሳይመሽ ታስፈጥረኛለህ?» ሲል መጣ። ፋናዬ እየሳቀችም እያለቀሰችም ግድግዳው ላይ ተደገፈች። የሻርጃዋ እናት ስልክ ሲነሳ ደግሞ ለአፌ የማይጥም ነገር አልውጥም ብለው ኪኒኑን ገና እንዳልጀመሩት ልጃቸው ተናገረች።

ከዚያ ሳሊም ራሱ ስልኩን ያዘ። ጠዋት ወደ ደወለው ፖሊስ ደውሎ በዓረብኛ፣ ቀስ ብሎ፣ መድኃኒቱን የሰጠው እሱ መሆኑን፣ ልጅቷ የምታውቀው ነገር እንደሌለ ተናገረ። ሀያት እያንዳንዷን ቃል ጠበቀች። ሲጨርስ ቁጭ አለች። ወረቀት የሌላት መሆኗ አልተቀየረም፤ ነፍስ ገዳይ ግን አይደለችም።

«ጋሽ ጣሰው» አለችው፣ «የጋሼ ኢድሪስን ቴምር ምን ላድርገው?»

«እንጃ» አላት።

ሊወጣ ሲል ሳሊም ደረጃው ላይ ተከተለው። ማስኩ አሁንም አገጩ ላይ ነው። ከታች የፖሊሶቹ ጫማ ድምፅ መውጣት ጀምሯል።

«ጣሰው» አለው። በስሙ ሲጠራው የመጀመሪያው ነበር። «አንተ ሟችም ገዳይም ያየህ ሰው ነህ። እውነቱን ንገረኝ። እኔ ነኝ የገደልኳቸው?»

ጣሰው የሰውየውን ዓይን አየ። የፈራ፣ እንቅልፍ ያጣ ዓይን ነው። የደረጃውን ብረት ያዘ፤ ፖሊሶቹ ሲደርሱ ግድግዳውን ተጠግቶ አሳለፋቸው፤ ከዚያም ወደ ታች ወረደ።